የተሰነጠቀ ተረከዝና የዕፀዋት ቅቤ

ከአገር ቤት ለልደትና ለጥምቀት የሚመጡ ተሳላሚዎች ኢየሩሳሌም ሲደርሱ ወቅቱ ተገልብጦ ያገኙታል። በአገራቸው ጥር በጋ ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ፣ አቧራው ተነሥቶ፣ ከንፈርና ተረከዝ የሚሰነጠቅበት ወራት ነው። በዚህ ግን ጥር የዝናብና የብርድ ወር ስለ ኾነ የቅጥሩ ድንጋይ ረጥቦ ያድራል፣ ጋቢም ታጥቦ ሳይደርቅ ይሰነብታል። ይህን ያህል እርጥበት ባለበት ቦታ ቆዳችን ይለሰልሳል ብለው ሲጠብቁ፣ በሳምንት ውስጥ እጃቸው አመድ የነካው ይመስላል፤ ቅልጥማቸው ይፈገፈጋል፤ ተረከዛቸውም ይነቃል። «አባ፣ የዚህ አገር ውኃ ምን አለበት?» የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ አይቀርም።

ውኃው ያን ያህል በደል የለበትም። ነገሩ ያለው በአየሩና በማሞቂያው ላይ ነው። የቀዘቀዘ አየር ውኃ የመሸከም ዐቅሙ ትንሽ ነው፤ ያ አየር ወደ ክፍላችን ገብቶ በማሞቂያ ሲሞቅ እጅግ የተጠማ ይኾናል፤ ጥሙንም የሚያረካው ከእኛው ቆዳና ከንፈር ነው። በዚህ ላይ ብርዱን ለመሸሽ በፈላ ውኃ ገላን መታጠብ ይጨመራል። ስለዚህ ውጪ ዝናብ ሲዘንብ ውስጥ ቆዳ ይደርቃል። በዕድሜ ለገፋን ደግሞ ይብሳል፤ ቆዳችን በወጣትነቱ ያመነጨው የነበረው ወዝ በእርጅና ይቀንሳልና።

የላይኛው ቆዳ ምን እንደሚመስል ለመረዳት የጥንቱን የከተማውን ግንብ መመልከት ይበቃል። ድንጋዩ በድንጋይ ላይ ተደርድሯል፤ በመካከሉም ድንጋዩን የሚያያይዝ ጭቃና ኖራ አለ። በቆዳችን ላይ ድንጋዩ የደረቀው ስስ ቅርፊት ነው፤ ኖራው ደግሞ ሰውነት ራሱ የሚያዘጋጀው ስብ ነው። ሙቅ ውኃና ሳሙና ኖራውን ያጥቡታል። ኖራው የታጠበበት ግንብ ነፋስ እንደሚያስገባ ሁሉ፣ ስቡ የታጠበበት ቆዳም ከውስጥ ያለውን ውኃ ያስወጣል፤ ከውጭ ደግሞ የሚያሳክከውንና የሚያቆስለውን ያስገባል።

ብዙ ሰው የሚስተው ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው። ቅባት ለቆዳ ውኃ አይሰጥም፤ ያለውን ውኃ እንዳይወጣ ይከለክላል እንጂ። ከላም ይኹን ከዛፍ፣ ውድ ይኹን ርካሽ፣ ቅባት ሁሉ በዚህ አንድ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ በማሞቂያ አየር በደረቀ ቆዳ ላይ ጠዋት ቅቤ መለቅለቅ፣ ባዶውን እንስራ በደንብ እንደ መክደን ነው። ቅባት የሚቀባው ከታጠቡ በኋላ ነው፤ ውኃውን በፎጣ ጠጠር ጠጠር አድርጎ ማድረቅ፣ ቆዳው ገና ወዝቶ ሳለ በሁለትና በሦስት ደቂቃ ውስጥ መቀባት። ይህን የያዘ ሰው ጥቂት ቅባት ይበቃዋል፤ ይህን የሳተ ማሰሮ ሙሉም አይበቃው።

እናቶቻችን ከአገር ቤት በሻንጣቸው ይዘው የሚመጡት የላም ቅቤ ነው። ለጠጉርም ለገላም የቆየ ልማድ ስለ ኾነ አንነቅፈውም። ኾኖም ስድስት ሰባት ተሳላሚ በአንድ ክፍል በሚያድርበት ጊዜ የበሰለ ቅቤ ሽታ ምን እንደሚያደርግ የቀመሰው ያውቀዋል። በጾም ወራትም ሌላ ጥያቄ ይነሣል፦ የማንበላውን ቅቤ ተረከዛችንን ብንቀባው ጾም ያስፈታልን? ለዚህ እያንዳንዱ የንስሐ አባት አለው፤ በዓምድ ላይ የምንፈርደው አይደለም። ነገር ግን ከዛፍ ፍሬ የሚወጣ ቅቤ እያለ ኅሊናን በዚህ ማስጨነቅ አያስፈልግም ባዮች ነን።

ከዕፀዋት ቅቤዎች ሁሉ አስቀድመን የምንጠቅሰው የሺአን ቅቤ ነው። ይህ ዛፍ የሩቅ አገር ዛፍ የሚመስላቸው አሉ፤ ግን ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥቶ በሰሐራ በረሓ ግርጌ እያለፈ እስከ ደቡብ ሱዳን፣ ሰሜን ኡጋንዳና የእኛው ጋምቤላ ድረስ የሚበቅል ነው። በደቡብ ሱዳን «ሉሉ» ይሉታል። ዛፉ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ፍሬ ለመስጠት ዐሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ይፈጅበታል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ያፈራል። ኢብን ባቱታ የተባለው የሞሮኮ ተጓዥ፣ ያው በ1326 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌምን የጎበኘው፣ በ1352 እ.ኤ.አ. ወደ ማሊ በተጓዘ ጊዜ ከአንድ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ ዘይት አይቶ ነበር። ሰዎቹ ይጠብሱበታል፣ መብራት ያበሩበታል፣ ገላቸውን ይቀቡታል፣ ከዐፈር ጋር ለውሰው ቤት ይለስኑበታል ብሎ ጽፏል። የገለጸው ዛፍ ይኸው ሺአ እንደ ኾነ ሊቃውንት ይስማማሉ።

አሠራሩን ያየ ሰው የአገራችንን ቅቤ መናጥ ያስታውሳል። ፍሬው ከዛፉ ሲወድቅ ሴቶች ይለቅማሉ፤ ጣፋጩ ሥጋው ይበላል፤ ፍሬ ዘሩ ይቀቀልና በፀሐይ ይደርቃል፣ ይሰበራል፣ አስኳሉ ይታመሳል፣ ይወቀጣል፣ ይፈጫል። ከዚያም ሊጡ በውኃ እየታሸ ረጅም ጊዜ ይመታል፤ በመጨረሻ ስቡ ነጭ ኾኖ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ስቡን ሰብስበው ያነጥሩታል። ይህ ሁሉ ድካም የሴቶች ነው፤ ብዙ ቤተ ሰብም የሚተዳደረው በዚህ ነው። የምሥራቁ ዓይነት፣ በጋምቤላና በኡጋንዳ የሚገኘው፣ ከምዕራቡ የለሰለሰ ነው፤ በመዳፍ ላይ ቶሎ ይቀልጣል። የምዕራቡ ጠጠር ያለ ስለ ኾነ በብርድ ወራት አስቀድሞ በመዳፍ መካከል ማሸት ይፈልጋል። ያልተጣራው ቢጫ ወይም ዓመድማ ነጭ ነው፤ የጢስና የፍሬ ሽታ አለው። የተጣራው ነጭና ሽታ የለሽ ነው። ለደረቀ ቆዳ ሁለቱም ይሠራሉ፤ ሽታ የሚያሳክከው ሰው የተጣራውን ይምረጥ።

የካካዎ ቅቤ ከ34 እስከ 38 ዲግሪ ሙቀት ሲደርስ የሚቀልጥ ነው፤ ስለዚህ በብርድ ቤት እንደ ሻማ ይጠጥራል፣ በቆዳ ላይ ግን ቀስ ብሎ ይፈታል። ለክርንና ለጉልበት መልካም ነው፤ በዐቢይ ጾምና በሰሙነ ሕማማት በስግደት ብዛት ጉልበታቸው የሻከረባቸው ይሞክሩት። የኮኮናት ዘይት 24 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ በክረምት ቅቤ፣ በበጋ ዘይት ኾኖ ይገኛል፤ ይህን ያላወቁ ተበላሸብን ብለው ይጥሉታል።

አሁን በቅድስት አገር ተቀምጠን ለመናገር ወደሚከብደን ደርሰናል። የወይራ ዘይት ክቡር ነው፤ በመቅደስ ይበራል፣ በገበታ ይቀርባል፣ ለቅብዐትም ይኾናል። ለደረቀና ለሚያሳክክ ቆዳ ግን ከዘይቶች ሁሉ የተሻለ አይደለም። በ2013 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሸፊልድ ዩኒቨርሲቲ የተመራ ጥናት ታትሞ ነበር። በጥናቱ የሰዎች ክንድ ላይ ለሳምንታት የወይራ ዘይትና የሱፍ አበባ ዘይት (ፊቱን ወደ ፀሐይ የሚያዞረው የአበባ ዓይነት) ተቀብቶ ሲመረመር፣ የወይራው ዘይት ቀደም ብለን ግንብ ያልነውን የቆዳ ሽፋን አላልቶ፣ ቆዳውንም በመጠኑ አቅልቶ ተገኘ። የሱፍ አበባው ግን ግንቡን አላፈረሰም። ስለዚህ ለሕፃናት ገላ፣ ችፌ ላለበትና ቆዳው ለሚቆጣ ሰው የወይራ ዘይት እየደጋገሙ ማሸትን አንመክርም። «ከጌቴሴማኒ ዛፍ የተጨመቀ» እየተባለ በየሱቁ በውድ የሚሸጠውንም ቢኾን። ሻጩ ስለ ዛፉ እውነት ቢናገር እንኳ ቆዳ የዛፉን ታሪክ አያውቅም።

በዚህ አጋጣሚ የማይለያዩ የሚመስሉ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ከቅዱሳት መካናት የሚወሰድ፣ በጸሎት የተባረከ ዘይት የበረከት ነው፤ በእምነት በግንባር ላይ በመስቀል ምልክት ይቀባል። ተረከዝ ማለስለሻ አይደለም። ተሳላሚ እናት ለቤተ ሰቧ በረከት ይዛ ልትገባ ያስቀመጠችውን ጠርሙስ ለንቃቃት አትጨርሰው፤ ለዚያ የሚኾን ቅቤ በገበያ ሞልቷል።

በዚህ አካባቢ የናቡሉስን ሳሙና የማይገዛ ተሳላሚ ጥቂት ነው። ከጥንቷ ሴኬም አጠገብ ባለችው ከተማ ከወይራ ዘይት የሚቀቀል የቆየ ሙያ ነው፤ ሽቶ የማይበዛበት ስለ ኾነም እንወደዋለን። ነገር ግን ሳሙና ሁሉ ስብን ያነሣል፤ ከወይራ ስለ ተሠራ ይህ አይቀርለትም። ቆዳው የደረቀበት ሰው ብብቱን፣ እግሩንና የቆሸሸውን ቦታ በሳሙና፣ የቀረውን ገላውን በለብ ያለ ውኃ ብቻ ቢታጠብ፣ ከማንኛውም ቅቤ ይልቅ ይጠቀማል።

ወደ ተረከዝ እንመለስ፤ ለእኛ ለመነኮሳትና ለተሳላሚ ሁሉ ትልቁ ነገር እርሱ ነውና። በመቅደስ ጫማ አናደርግም፤ ሌሊቱን በቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ በባዶ እግር ወይም በስስ ካልሲ ቆመን እናድራለን። ተረከዝ የሰውነትን ክብደት ተሸክሞ ወደ ጎን ይሰፋል፤ ቆዳው የደረቀና የወፈረ ከኾነ መለጠጥ ስለማይችል ይነቃል። ንቃቱ ሲጠልቅ ይደማል፤ የደማው ደግሞ የመግል መግቢያ ይኾናል። ማታ ከመተኛት በፊት እግርን ለብ ባለ ውኃ ዐሥር ደቂቃ ዘፍዝፎ፣ በእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ በቀስታ አሽቶ፣ አድርቆ፣ ወዲያው የሺአ ቅቤ ተቀብቶ የጥጥ ካልሲ ማድረግ ነው። ለውጡ በአንድ ሌሊት አይመጣም፤ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይጠይቃል። በምላጭ መቅረፍ ግን ፈጽሞ አይገባም። በጣቶች መካከልም ቅባት አይግባ፤ በዚያ የሚታመቅ እርጥበት ፈንገስ ያበቅላል። ለማሕሌት ከመነሣት በፊት ደግሞ እግርን በጨርቅ መጥረግ ያሻል። ቅባት ያለበት እግርና የለሰለሰ ድንጋይ አይስማሙም፤ የደረጃዎቻችንን ነገር የምታውቁት ነው።

ቅቤ የማይሠራበትን ቦታም መናገር ይገባል። ተረከዙ እንደ ቀንድ የወፈረ ከኾነ ቅባት ብቻውን አይፈታውም። ለዚህ በመድኀኒት ቤት ዩሪያ ያለበት ክሬም ይሸጣል፤ እርሱ የደነደነውን ቆዳ ያላላል፣ ውኃም ይስባል። ዩሪያ ሲባል ከገጠር የመጡ አባቶች ማዳበሪያው ትዝ ቢላቸው አልተሳሳቱም፤ ንጥረ ነገሩ ያው ነው። ግን ክሬሙ የተመጠነና የተጣራ ነው፤ የእርሻው ለእርሻ ይቅር። ከመሬት ዘይት የሚወጣው ቫዝሊንም ቢኾን ውኃን በመጠበቅ ከዕፀዋት ቅቤዎች ሁሉ ይበልጣል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ገንዘብ ያጠረው ወንድም ሺአ አላገኘሁም ብሎ አይዘን። እኛ የሺአን ቅቤ የምንመርጠው ቶሎ ስለሚሰርግና ልብስ ላይ ስለማያጨቀይ ነው እንጂ ቫዝሊን ስላልረባን አይደለም።

በዚህ አገር በጽዳትና አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ የሚተዳደሩ እኅቶቻችን በሰንበት ሲመጡ እጃቸውን እናያለን። በረኪናና የወለል ማጠቢያ የበላው እጅ ነው። እነርሱን በተመለከተ ቅቤ ሁለተኛ ነው፤ አንደኛው ጓንት ነው። ከውስጥ ስስ የጥጥ ጓንት፣ ከላይ የፕላስቲኩ። እጅ በታጠበ ቁጥር ትንሽ ቅባት፣ ማታ ደግሞ ወፍራም አድርጎ። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀል ለእጅ ብቻ ሳይኾን ለሳንባም አደገኛ ነው። አሠሪ ጓንት አልገዛም ቢላችሁ ለራሳችሁ ግዙ፤ ከቅባቱ ዋጋ አይበልጥም።

ከእነዚሁ ልጆቻችን መካከል ገበያ ውስጥ «የሺአ ቅቤ» የሚል ጽሑፍ አይተው የሚያነጣ ቅባት የሚገዙ አሉ። ዕቃው ጀርባ ላይ የተዘረዘረው ከብዙው ወደ ጥቂቱ በቅደም ተከተል ነው፤ ሺአ ከሽቶው በኋላ ከመጣ ስሙ ብቻ ነው ያለው። ቆዳ አነጣለሁ የሚሉት ደግሞ ሜርኩሪ ወይም ኃይለኛ የስቴሮይድ መድኀኒት የሚገኝባቸው ብዙ ናቸው። ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አስጠንቅቆበታል። ስቴሮይዱም ያለ ሐኪም ሲቀባ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ሲተዉትም እሳት ይለቅበታል። እግዚአብሔር ያለበሳችሁን ቀለም ለማውለቅ ገንዘብ መክፈል ምን ይሉታል?

አዲስ ቅቤ የገዛ ሰው አስቀድሞ በክንዱ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጥቂት ቀብቶ ሁለት ሦስት ቀን ይመልከት፤ በተለይ ሰሊጥና የመሳሰሉት ፍሬዎች የማይስማሙት ሰው።

የስኳር በሽታ ያለባችሁ ግን እስካሁን ስለ መዘፍዘፍና ስለ መፈግፈግ የተናገርነውን አትያዙ። ስኳር የእግርን ስሜት ያደንዝዛል፤ የውኃው ሙቀት ሳይታወቅ ያቃጥላል፤ በጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር ሳትታወቅ ታቆስላለች። ለእናንተ እግርን ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ ቶሎ ማድረቅ፣ ከጣቶች መካከል በቀር ቅባት መቀባት፣ በየማታው የውስጥ እግርን በመስታወት ወይም በባልንጀራ ዐይን ማየት ነው። ከማሞቂያ አጠገብ እግርን መዘርጋት አይገባም። ወደ ኢያሪኮ በሚወርደው መንገድ ቁስለኛውን ያነሣው ሳምራዊ በቁስሉ ላይ ዘይት ጨመረ፤ ግን በዚያ አልተወውም፤ ወደ ማደሪያ ወስዶ አስታመመው። የደማ፣ ያበጠ፣ የቀላ፣ የሸተተ ወይም በሁለት ቀን መሻል ያላሳየ ቁስል በስኳር ሕመምተኛ እግር ላይ ሲታይ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይኬዳል። ጉዞው ይቋረጥብኛል፣ ዮርዳኖስን ሳላይ እቀራለሁ ብላችሁ አትደብቁ። እግር የተቆረጠበትን ተሳላሚ ወደ አገሩ ከመሸኘት አንድ ቀን ከጉባኤ መቅረት ይሻላል። የጉዞ መድን ወረቀታችሁ በእጃችሁ ይኑር፤ ከክፍላችሁ አባቶችም ለአንዱ ንገሩ።

ወደ ዮርዳኖስ የምትወርዱ ብዙዎች ከዚያ ወደ ሙት ባሕር ታልፋላችሁ። ሌላው ባሕር ከመቶ ሦስት ተኩል ያህል ጨው ሲኖረው የዚህኛው ከመቶ ሠላሳ አራት ገደማ ነው። የነቃ ተረከዝ ይዞ የሚገባ ሰው ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማል። ንቃት ያለባችሁ ከዳር ኾናችሁ ተመልከቱ፤ የገባችሁም ሳይደርቅባችሁ በንጹሕ ውኃ ታጠቡና ወዲያው ተቀቡ። በሚቀጥለው ቀን የሚታየው የቆዳ መሰንጠቅ በአብዛኛው ጨዉን በገላ ላይ ይዞ አውቶቡስ ውስጥ ከመቀመጥ የሚመጣ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶናል፤ በሰሙነ ሕማማት ለምትመጡ ከሁሉ የሚያስፈልገው ነው። ቅባት፣ የዕፀዋትም ይኹን የቫዝሊን፣ በልብስ ሲሰርግ ልብሱን እንደ ጧፍ ክር ያደርገዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የመድኀኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማንኛውም የቆዳ ማለስለሻ በጨርቅ ላይ ሲደርቅ እሳት ቶሎ እንዲይዝና ፈጥኖ እንዲስፋፋ እንደሚያደርግ አስታውቋል። ማጠብም ቅባቱን ሁሉ አያወጣውም። በቀዳም ሥዑር ማታ በዴር ሡልጣን ሰገነት ላይ ሕዝቡ ተጨናንቆ፣ ሁሉም ሻማና ጧፍ ይዞ፣ ነጠላው ከጎረቤቱ እሳት ጋር ተነካክቶ ይቆማል። በዚያ ቀን ከንፈርንና እጅን ጥቂት መቀባት ይበቃል፤ የገላውንና የጠጉሩን ቅባት ለማግሥቱ አቆዩት። ለብዙ ቀን ቅቤ ስትቀቡበት የከረማችሁትን ነጠላም በሻንጣ ትታችሁ ሌላ ልበሱ። እናቶች ጠጉራችሁን ሻሽ እሰሩ፤ ሻማውንም ከፊታችሁ ራቅ አድርጋችሁ ያዙ።